ለኩላሊት እጥበት እርዳታ ልናሰባስብ ነው፤ ከየት እንጀምር? (ኮምቦልቻ/ደሴ)

ቦርከና_ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቁመዋል፤ ዕድሜው 34 ነው። ደሴ እየተመላለሰ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ መሆን አለበት ብሏል፤ ሦስተኛውን የከለከለን ብር ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቷል፣ አሁን ሕመም ፈቃድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የሚሸጥ ነገር አልቀረም፤ ከዚህ በኋላ ሰው ፊት መቆም ግድ ሆኗል።

የምጠይቀው፦ ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት? ከየትኛው ቢሮ ምን ዓይነት ደብዳቤ ይያዛል? ስንት ብር ያስፈልጋል ብለን እንውጣ? ሳዑዲና አሜሪካ ያሉ ዘመዶች እንዴት ይግቡበት? እሱ ከእጥበት ሲመለስ ስልክ እንኳ ማንሳት ስለማይችል ሥራው በእኛ ላይ ነው። «አብሽሪ» ለሚለኝ ሁሉ አላህ ይስጥልኝ፤ ግን አሠራሩን የሚያውቅ ቢመልስልኝ ይሻለኛል።

ሒሳብ_ሹሙ፦

እህቴ፣ ከገንዘቡ መጠን ልጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ባነር ላይ «2 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል» ተብሎ ሲወጣ ሰው አንዴ ይሰጥና የድርሻዬን ተወጣሁ ብሎ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ያው ብር አልቆ ያው ሰው ፊት ስትቆሙ «ባለፈው ተሰብስቦ አልነበረም እንዴ?» ይመጣል። እጥበት እንደ ቤት ኪራይ ነው፣ ወር በደረሰ ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ ወርኃዊ ቃል ሰብስቡ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት 3 ጊዜ ማለት በዓመት 156፣ በወር 13 እጥበት ነው። የአንዱን ዋጋ ለስሌት ያህል 3,000 ብር እንበል (ትክክለኛውን ከማዕከሉ በጽሑፍ ተቀበሉ)፤ በወር 39,000 ይሆናል። ለመድኃኒት፣ ለላብራቶሪና ለትራንስፖርት 9,000 ብንጨምር 48,000። ይህ በወር 400 ብር የሚከፍል 120 ሰው ነው። ቃል የገባ ሁሉ ግን አይከፍልም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ላይ የሚጠፋ ይበዛል። እኔ ብሆን 180 ሰው ሳልመዘግብ አልጀምርም። ቃሉን ለስድስት ወር ጠይቁ። ማብቂያ ያለው ነገር ላይ ሰው ይፈርማል፣ «እስከመቼም» ከሆነ ግን ይሸሻል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ የተሠራበትን አሳይታችሁ እንደገና ትጠይቃላችሁ።

ደብተሩ ላይ ስም፣ ስልክ፣ የቃሉ መጠን፣ ደመወዝ የሚቀበልበት ቀንና የከፈለበት ቀን ይኑር። ማስታወሻ የሚላከው ደመወዝ በወጣ ማግስት ነው። በአምስተኛው ቀን የተላከ መልእክት ባዶ ኪስ ነው የሚያገኘው።

ሒሳቡን በተመለከተ፦ በታማሚው ስም ብቻ አትክፈቱ፣ በአንድ ዘመድ ስም ብቻም አትክፈቱ። እሱ አይሲዩ ከገባ የሚፈርም አይኖርም፤ አንድ ዘመድ ብቻውን ከያዘው ደግሞ ጥርጣሬ ከሩቅ አይመጣም፣ ከቤተሰብ ውስጥ ይጀምራል። የሚሻለው የሦስት ሰው የጋራ ሒሳብ ነው፦ እሱ፣ አንቺና ከቤተሰብ ውጭ የሆነ የሰፈር ሽማግሌ ወይም የእድር ጸሐፊ። ለባንኩ የምትሰጡት የፊርማ ትእዛዝ «ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ» የሚል ይሁን። ሦስታችሁም ፋይዳ ይዛችሁ ቅረቡ። እሱ በእግሩ መሄድ በሚችልበት ቀን፣ ማለትም እጥበት በሌለበት ቀን ጠዋት ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በጋራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ላይ የሞባይል ባንኪንግ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው፤ ግን ለቴሌብር ሌላ ቁጥር ያስፈልጋችኋል። አዲስ ሲም አውጥታችሁ ከፈራሚዎቹ በአንዱ ስም አስመዝግቡ፣ ከግል ስልክ ጋር አይቀላቀል። በየሳምንቱ በአንድ ቋሚ ቀን የገባውን ወደ ባንኩ ሒሳብ አዙሩ፤ የተዘዋወረበትን ደረሰኝ አስቀምጡ።

ባነር ከማሳተማችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ 10 ብር ልካችሁ ፈትሹ። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ አንዱ ከተዛባ ወይ አይሄድም ወይ ለሌላ ሰው ይገባል። ቁጥሩን በአራት በአራት ከፋፍላችሁ ጻፉት፤ ከሥሩ ባንኩ የሚያውቀውን የሒሳብ ስም ፊደል ሳይጎድል አስቀምጡ። የሚልከው ሰው ስልኩ ላይ የሚመጣለትን ስም ከባነሩ ጋር ያመሳክራል። ባነሩን ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ የሚያሰራጭ ሌባ አለና ይህ ማመሳከሪያ ወሳኝ ነው።

ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የሆስፒታሉንና የቀበሌውን ደብዳቤ ኮፒ አስቀድማችሁ ስጡ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መቶ ትንንሽ ገቢ ሲያይ ባንክ መጠየቁ አይቀርም፤ ለጥያቄው መልሱ ፋይሉ ውስጥ ካለ ሒሳቡ አይታገድም።

እጥበት_ክፍል፦

ከላይ የተጻፈው ልክ ነው። እኔ የሕክምናውን ወረቀት ልጨምር።

ከሐኪሙ የምትጠይቁት ማስረጃ የበሽታውን ስም ብቻ ከያዘ ዋጋ የለውም። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የሕመሙ ደረጃ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የሆስፒታሉ ማኅተም ይኑረው። ዋጋውን ሐኪም አይጽፍም፤ እሱን ከሒሳብ ክፍል በፕሮፎርማ ትጠይቃላችሁ። ሁለቱ ወረቀቶች ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ካለ ሁለተኛው የጎደለበት ፋይል ይበዛል። ማስረጃው ከሦስት ወር በላይ ከሆነው አሳድሱት፣ ሰው ቀኑን ያያል። ሶሻል ሚዲያ ላይ ስትለጥፉት የካርድ ቁጥሩንና የሐኪሙን ስልክ ሸፍኑ።

በጀቱ ውስጥ ሰው የሚረሳው እነዚህን ነው። የደም ማነስ መርፌው (ኢሪትሮፖይቲን) ከእጥበቱ ዋጋ ውጭ ነው፣ በተከታታይ ይወሰዳል፤ ብረቱም፣ የደም ግፊት ክኒኖቹም እንደዚያው። ወርኃዊ ላብራቶሪ አለ፦ ሄሞግሎቢን፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ፎስፌት። የሄፓታይተስ ቢ፣ ሲ እና የኤችአይቪ ምርመራ በየጊዜው ይደገማል። በሌላ ከተማ ለመታጠብ ሲፈልግም መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ውጤት ስለሆነ ኮፒው ከቦርሳው አይጥፋ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባቱን ካልጨረሰ ያስጨርሱት።

አንገቱ ላይ ባለው ቱቦ (ካቴተር) ከሆነ የሚታጠበው፣ ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ለፊስቱላ (ክንድ ላይ የደም ሥሮችን አገናኝቶ ለእጥበት መግቢያ ማዘጋጀት) ቀዶ ሕክምና መድቡ። ካቴተር ቶሎ ኢንፌክሽን ይፈጥራል፣ አንድ ኢንፌክሽን ተኝቶ መታከም ማለት ነው፣ ተኝቶ መታከም ደግሞ የወራት እጥበት ገንዘብ ይበላል። ፊስቱላ ከተሠራ በኋላ እስኪበስል ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይረዝማል፤ ስለዚህ «ገንዘብ ሲሞላ እናሠራዋለን» አይባልም። ፊስቱላ ያለበት ክንድ ላይ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ነገር አይንጠለጠልበትም።

ትራንስፖርቱን በቀላሉ አትዩት። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በመሃል ያለው ሐረጎ ዳገትና ጠመዝማዛ ነው። ከእጥበት የወጣ ሰው ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው፣ ሊያስመልሰው ይችላል። ፈረቃ ሲመደብላችሁ የጠዋቱን ለምኑ፤ የከሰዓቱ ከደረሰ መመለሻው ይመሻል፣ ሚኒባስ ጠፍቶ ኮንትራት ትይዛላችሁ። በጀቱ ላይ የሁለት ሰው ደርሶ መልስ ያዙ፣ ብቻውን አይመለስም። ከወጣ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ግፊቱ ተለክቶ ይሂድ።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ከገንዘብ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። የእኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። ለዚህ ልጅ ሁለቱም መርዝ ናቸው፤ ፖታሲየሙ ልብ ያቆማል፣ በተለይ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚታጠብ። የአቮካዶ ጭማቂም ያው ነው። በር ላይ የእርዳታ ሳጥን አስቀምጡና ወረቀት ለጥፉ፦ «ፍራፍሬና ጭማቂ አይፈቀድለትም፤ ያሰባችሁትን ሳጥኑ ውስጥ»። ጠያቂ አይቀየምም፤ ባዶ እጁን ላለመምጣት ነው የገዛው። ያ ሳጥን በወር የሚያስገባውን ስታዩ ትገረማላችሁ።

ብር ጎድሎ አንድ እጥበት የሚቀር ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቅሩ፣ ነርሷን ንገሯት። በእጥበቶቹ መሃል የሚጨምረው ክብደት ስንት እንደሆነ አይታ ውኃውንና ጨውን ታጠብቅላችኋለች፣ ፖታሲየሙንም ታሳያለች። ቀርቶ በድንገተኛ ክፍል የሚገባ ሰው ከአንድ እጥበት በላይ ያስከፍላል።

የሠራተኛ_ማኅበር፦

ወንድማችሁ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ ከባነሩ በፊት ሊነካ የሚገባው መብት አለ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። አሁን የትኛው ወር ላይ እንዳለ እወቁ። የሕክምና ወረቀቱን በየጊዜው ለሰው ሀብት ሲያስገባ ኮፒው ላይ «ደርሷል» አስፈርሙበት፤ ካልሆነ ቀሪ ተብሎ ይመዘገብበታል።

ከዚህ የበለጠው ደግሞ ይኼ ነው፦ ምንም ቢቸገር የሥራ መልቀቂያ አይጻፍ። አንዳንዱ እጁ ላይ ያለችውን ትንሽ ክፍያ ቶሎ ለማግኘት ብሎ በፈቃዱ ይለቃል። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው ሥራ መሥራት እንደማይችል በሕክምና ቦርድ ተረጋግጦ ሲሰናበት የጤና ጉድለት ጡረታ ወዲያው ይጀምርለታል፤ በፈቃዱ ከለቀቀ ግን የጡረታ ዕድሜውን መጠበቅ አለበት። 11 ዓመት አለው ብለሻል፣ ስለዚህ መስመሩን አልፏል። የጡረታ መለያ ቁጥሩንና መዋጮው ሳይቋረጥ መግባቱን አሁኑኑ አጣሩ። መዋጮ ያልገባባቸው ወራት ቦርዱ ፊት ሲቀርብ ነው የሚወጡት፣ ያኔ ማስተካከሉ ይጓተታል።

ከዚያ የሥራ ጓደኞቹ። በፋብሪካ ውስጥ ሳጥን ማዞር አንድ ጊዜ ነው፤ ከደመወዝ ማስቆረጥ ነው የሚሻለው። ሕጉ ከደመወዝ ለመቁረጥ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል፣ ተቆራጩ ሁሉ ተደምሮ ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ቅጽ አዘጋጁ፦ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ በወር የሚቆረጠው፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ የሚገባበት የጋራ ሒሳብ፣ ፊርማ። 300 ሰው 50 ብር ቢፈርም በወር 15,000 ነው፤ 50 ብር ደግሞ ማንንም አይጎዳም። ቅጹን በየክፍሉ ፎርማኖች በኩል አዙሩት፣ በር ላይ ቆሞ ማስፈረም ፈረቃ ያልፋችኋል። ችግሩ ፋይናንስ ጋ ነው፦ ሠራተኛ ሲለቅ ዝርዝሩ አይታደስም፣ አንዳንዴም ተቆርጦ ሳይተላለፍ ይቆያል። በየወሩ የተቆረጠበትን ዝርዝርና የባንክ ማስገቢያውን ከማኅበሩ ጸሐፊ ተቀበሉ፣ ድምሩ ይግጠም።

የጤና መድን ላይ ተስፋ አታብዙ። ማአጤመ (ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን) መደበኛ ደመወዝተኛ ላልሆነ ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ ቤተሰቡ በምዝገባ ወቅት ይግባ፤ ለተመላላሽ ሕክምናና ለመድኃኒት ይጠቅመዋል። ለዘላቂ እጥበት ይከፍልልኛል ብላችሁ ግን በጀት አትሥሩ። ሪፈር ወረቀት ሳይዙ ከጤና ጣቢያ ዘልለው ሲሄዱ መድኑ እንደማይሠራም አስታውሱ።

እድራችሁን ጠይቁ። እድር ለሞት እንጂ ለሕመም አይደለም የሚል አለ፤ የብዙዎቹ መተዳደሪያ ደንብ ግን ብድር ይፈቅዳል። የእድሩን ዳኛ (ሰብሳቢውን) ለብቻው አግኝታችሁ በጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙ። በስብሰባው ቀን ድንገት የተነሳ ጥያቄ «በሚቀጥለው ይታይ» ይባላል።

ቦርከና_ማዶ፦

አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። የመልቀቂያውን ነገር ባላነብ ኖሮ ልንጽፍ ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የሰፈር ልጆች ሞንታርቦ ተከራይተን እንውጣ እያሉ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ቲክቶክ ላይቭ እገባላችኋለሁ፣ ከሚገኘው 30 ከመቶ ለእኔ ብሏል። ወንድሜ ግን ፎቶው እንዲወጣ አይፈልግም።

ሸዋ_በር፦

ሞንታርቦውን ተዉት ባይ ነኝ። የመኪናው ኪራይ፣ ነዳጁ፣ የልጆቹ ምሳ ሲወጣለት የሚተርፈው ሳንቲም ነው፤ በዚያ ላይ ወርኃዊ ቃል የሚገባ ሰው በሞንታርቦ አይገኝም።

ከቲክቶኩ ሰውዬ ራቁ። ላይቭ ላይ የሚወረወረው ጊፍት ግማሽ ያህሉ እዚያው መድረኩ ላይ ይቀራል፤ ከቀሪው 30 ከመቶ ሲነሳ 100 ብር ልስጥ ያለ ሰው 35 ብር ነው ወንድማችሁ ጋ የደረሰለት። ሰጪው ይህን አያውቅም፤ ሲያውቅ የሚናደደው በእናንተ ነው። ላይቭ የሚገባ ካለ በነፃ ይግባ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ያሳይ፣ ጊፍት አይቀበል።

ፎቶውን ካልፈለገ አይውጣ። ፊቱ ሳይታይ ፊስቱላ ያለበት ክንድ ማሽኑ ላይ ተዘርግቶ የተነሳ አንድ ፎቶ፣ ከጎኑ ማኅተም ያለበት ማስረጃ፣ በቂ ነው። ሰው የሚያምነው በማኅተሙና በሚያውቀው ሰው ስልክ ነው። በሚያለቅስ ቪዲዮ የመጣ ገንዘብ ለቅሶው ሲቆም ይቆማል፤ ወርኃዊ ቃል የገባው ሰው ግን በሚያየው ሪፖርት ነው የሚቆየው።

ፒያሳ_ማተሚያ፦

በሞንታርቦው አልስማማም። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ እውነት ነው፤ ወሬው ግን ይደርሳል። ደሴ ሰኞ ገበያ የሚመጣ የገጠር ሰው ፌስቡክ የለውም፤ ዘመዱ ዐረብ አገር ናት፣ ማታ በስልክ ይነግራታል። አንድ ቀን ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይ። ሲወጣ ግን የሆስፒታሉ ማስረጃ፣ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤና ከከተማው ጸጥታ የተሰጠ የፈቃድ ወረቀት መኪናው ውስጥ ይሁን። በሐሰት ሕመምተኛ የሚለምን ስለበዛ ፖሊስ ያስቆማል፣ ማስቆሙም ጥሩ ነው። በእጅ የሚሰበሰብ ገንዘብ ላይ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፤ ሳጥኑ ይታሸግ፣ ቆጠራው ሦስት ሰው ፊት ይሁን፣ ድምሩ ተጽፎ ተፈርሞ በማግስቱ ባንክ ይግባ።

ለጁምዓ ማስታወቂያ የመስጊዱን ኮሚቴ እስከ ረቡዕ አናግሩ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ስጡ። ለቤተ ክርስቲያንም በሰበካ ጉባኤው በኩል ነው። ወሎ ላይ ሁለቱንም በር ያላንኳኳ ግማሹን ሰው ትቷል። ዘካ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ለብቻው መዝግቡት፦ ዘካ ለባለ ችግሩ ለራሱ የሚደርስ ሐቅ ነው፣ ለባነርና ለመኪና ኪራይ አይውልም። ዝርዝሩን ዓሊም ጠይቁ።

ባነር ላይ ደግሞ ጽሑፍ አታብዙ። ስም፣ ምን እንደሚያስፈልገው በአንድ መስመር፣ ሒሳብ ቁጥር፣ ሁለት ስልክ። እኛ ጋ የሚመጣው ባነር ግማሹ ግጥም ነው፣ ቁጥሩ ከታች በሚሊሜትር ተጽፎ።

ሪያድ_መንገድ፦

ዐረብ አገር ያሉትን በጣም ተጠንቀቁላቸው። ሳዑዲም ኤምሬትስም ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ ወንጀል ነው፤ ለሕመምተኛ ነው ማለት አያድንም። በዋትስአፕ ቡድን «እዚህ ያለነው ለአንዷ እንስጣትና ትላከው» ብሎ መጀመር ያቺን ልጅ ለቅጣት፣ ለእስርና ከአገር ለመባረር ያጋልጣታል። ስለዚህ ሰብሳቢ አይኑር። እያንዳንዷ በራሷ ስም፣ በሕጋዊ የገንዘብ መላኪያ፣ በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻው የጋራ ሒሳብ ትላክ። የላከችበትን ወረቀት ፎቶ ለአንቺ እንጂ ለቡድኑ አትላክ።

ለአሜሪካው ጎፈንድሚ (በኢንተርኔት እርዳታ ማሰባሰቢያ መድረክ) ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ መክፈት አይቻልም፤ ዘመዳችሁ እዚያ ባለ የባንክ ሒሳቡ ይከፍተዋል። መድረኩ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 ከመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፤ 10 ዶላር የሰጠ ሰው 9.41 ደረሰለት ማለት ነው። ሲከፍል «ቲፕ» የሚል መጎተቻ ይመጣል፣ እሱ ለድርጅቱ ነው፤ ሰጪዎቹ ወደ ዜሮ እንዲያወርዱት ንገሯቸው። ገጹ ላይ ዘመዱ ማን እንደሆነ፣ ለታማሚው ምኑ እንደሆነ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ ኮምቦልቻ እንደሚደርስ በግልጽ ይጻፍ። ይህ የጎደለው ገጽ ማጣሪያ ውስጥ ይገባና ብሩ ይታገዳል። በየሁለት ሳምንቱ በባንክ በኩል ይላክ፤ ከ2016 ሐምሌ 22 ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን የምንዛሪ ዋጋ ስለሚሰጡ በዚያው ቀን ሁለት ሦስቱን ማነጻጸር ያዋጣል። በጥቁር ገበያ ትንሽ ብልጫ ቢኖርም ደረሰኝ የለውም፣ ለሰጪዎቹ የምታሳዩት ነገር አይኖርም፤ ሕገወጥም ነው።

ማጭበርበሪያውንም ልበላችሁ። ቁጥራችሁ በወጣ በቀናት ውስጥ የሚደውል አለ፦ «ተሳስቼ 5,000 ልኬ ነው፣ 500 ነበር፤ ልዩነቱን መልሱልኝ»። መልእክትም ይልካል፣ የቴሌብር የሚመስል። እውነተኛው ከ127 ነው የሚመጣው፤ ያም ቢሆን መልእክት አትመኑ፣ *127# ደውላችሁ ቀሪውን እዩ። «እርዳታ ልናስገባ ነው፣ የመጣላችሁን ኮድ ንገሩን» የሚልን ስልኩን ዝጉበት።

ቦርከና_ማዶ፦

ሌላው የሚሰማው ሐሳብ «በወር በወር ከምንለምን አንዴ ሰብስበን ህንድ ልከን እናስቀይርለት» ነው። ምን ትላላችሁ?

እጥበት_ክፍል፦

ንቅለ ተከላ ከእጥበት ይሻላል፣ ጥያቄ የለውም። ቅደም ተከተሉ ግን ለጋሽ፣ ከዚያ ምርመራ፣ ከዚያ ገንዘብ ነው። ለጋሽ ሳይገኝ «ለኩላሊት ንቅለ ተከላ» ብላችሁ ከሰበሰባችሁ በኋላ ያ ገንዘብ ለእጥበት ሲውል ሰው ተታለልኩ ይላል።

አገር ውስጥ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 መስከረም ጀምሮ ንቅለ ተከላ ሠርቷል፤ ለጋሹ የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት። መጀመሪያ እዚያ ሪፈር ጠይቁ። የደም ዓይነት፣ የቲሹ ምርመራ፣ የለጋሹ ሁለት ኩላሊትና አጠቃላይ ጤና ይታያል፤ ለጋሽ ነኝ ያለው ስኳር ወይም ግፊት ተገኝቶበት መቅረቱ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ በላይ ዘመድ አዘጋጁ።

ህንድ የምትሄዱ ከሆነ የሆስፒታሉ ግምት ላይ የሌለውን ቁጠሩ፦ የለጋሹ ምርመራ፣ የሁለትና ሦስት ሰው ትኬትና ቪዛ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለክትትል የምትቆዩበት የቤት ኪራይና ምግብ። የዝምድና ማረጋገጫው ከቀበሌ ተነስቶ በሰነዶች ማረጋገጫ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ ያልፋል፤ እዚያም ፈቃጅ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ስም አንድ ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ኩላሊት መግዛት በህንድም በእኛም ወንጀል ነው፤ «ለጋሽ አገኝላችኋለሁ» የሚል ደላላ ስልክ አይቀመጥ። ዶላሩን ከባንክ ለማግኘት የሜዲካል ቦርድ ውሳኔና የሆስፒታሉ ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ ቦርዱን በጊዜ ያዙት።

ግቡን በብር ብቻ አትጻፉ። 2016 ሐምሌ ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ወጥቷል፤ በብር ግባቸውን ሞልተው የነበሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ከንቅለ ተከላው በኋላም ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት (ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች) ዕድሜ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ አዲሱ ኩላሊት ይሞታል። ወርኃዊ ቃሉን የሰበሰባችሁት ሰው ያኔም ስለሚያስፈልግ አትበትኑት።

ሰነድ_አረጋጋጭ፦

አጭር ነገር ብቻ። ውክልና አሁን፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ለአንቺ ይስጥ፤ ከቀበሌ መታወቂያው ጋር ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ቅረቡ። ውክልናው ላይ «ከባንክ ገንዘብ ገቢና ወጪ ማድረግ»፣ «ከጡረታ ቢሮ መቀበል»፣ «የሕክምና ሰነድ መውሰድ» ተብሎ በስም ይጻፍ፤ ጠቅላላ ውክልና ይዞ የሄደን ባንክ ይመልሳል። ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ባለሙያው አልጋው ድረስ መጥቶ እንዲያስፈርም በማመልከቻ ይጠየቃል።

ለመናገር ይከብዳል ግን ይነገር፦ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። በስሙ ብቻ ያለ ሒሳብም ያን ቀን ይታገድና የሚለቀቀው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሲሰጥ ነው፤ የተዋጣው ገንዘብም የውርስ ሀብት ይመስላል። ይህን ለማስቀረት ከመጀመሪያው ቀን ቃለ ጉባኤ ያዙ። ገንዘቡ ከሕዝብ ለሕክምና የተሰበሰበ መሆኑ፣ ቢተርፍ ለማን እንደሚሄድ (ለምሳሌ እዚያው ማዕከል ለሚታጠብ ሌላ ታማሚ) ይጻፍበት፤ ሦስቱ ፈራሚዎችና ሁለት እማኞች ይፈርሙበት። ኮፒው ለባንኩ፣ ኮፒው ለእድሩ። ለማዕከሉም ከአንድ ወር በላይ ቅድሚያ አትክፈሉ፤ ሲዛወር ወይም ሌላ ነገር ሲመጣ ተመላሽ ማስመለሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

ሒሳብ_ሹሙ፦

የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱንና የባንኩን ጉዳይ በአንድ ጠዋት ጨርሱት፣ ልጁን ሁለት ቀን አታንከራትቱት። ቃለ ጉባኤውን እቤት ጽፋችሁ፣ ፎቶ ኮፒውን አንስታችሁ ውጡ። ሪፖርቱን በየወሩ በአንድ ቀን አውጡ፦ ከባለፈው የዞረ፣ የገባ፣ ስንት ጊዜ ታጠበ፣ ለምን ስንት ወጣ፣ የቀረው። የባንኩን ስቴትመንት ስትለጥፉ የሰጪዎቹን ስም ሸፍኑ፤ ስሜ ይታይ ያለ ራሱ ይነግራችኋል።